የህንድን ታሪክ ለልጆች የሚጥም አድርጎ ማቅረብ፦ ዝርዝር መመሪያ

አብዛኞቹ ልጆቻችን ህንድን የሚያውቋት በአማርኛ ተተርጉመው በሚተላለፉ ተከታታይ ድራማዎች ነው። ሳሪውን፣ ሠርጉንና የአማትና የምራትን ጭቅጭቅ በደንብ ያውቃሉ፤ ስለ አገሪቱ ታሪክ ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ የጋንዲን ስም ከመጥራት አያልፉም። ይህ መመሪያ ከ8 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች የህንድን ታሪክ ማስነበብ ለሚፈልግ ወላጅ፣ መምህር ወይም የንባብ ክበብ አስተባባሪ የተዘጋጀ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ያህል ቢሆን ይበቃል፤ የሚያስፈልጉት ዕቃዎችም ሲባጎ፣ ጭቃ፣ ወረቀት፣ ባለቀለም እርሳስና ጨው ናቸው።

ታሪክ ልጆችን የሚያሰለቻቸው በአመዛኙ ከንጉሥ ስምና ከዘመነ መንግሥት ስለሚጀመር ነው። እዚህ የምከተለው መንገድ ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ለልጁ አንድ ማስረጃ፣ ማለትም ጡብ፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ፣ ሥዕል ወይም ከአንድ ንጉሥ የግል ማስታወሻ የተወሰደ ቃል ይቀርብለታል፤ ቀጥሎ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ስምና ዓመተ ምሕረት የሚነገረው ልጁ ራሱ «ለመሆኑ ይህ ሰው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። የሚከተሉት እርምጃዎች በሙሉ ይህንኑ ሥርዓት የሚከተሉ ሲሆን፣ የተለየ ማስታወሻ ካልተደረገ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንደኛ፦ ዘመኑን በሲባጎ መለካት

ለልጅ «ከ4,600 ዓመት በፊት» ማለት «ከብዙ ዓመት በፊት» ከማለት ብዙም አይለይም። ስለዚህ 4 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲባጎ በግድግዳው ላይ ይወጠር፤ እያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር 100 ዓመት ነው። የቀኝ ጫፉ ዛሬ ነው፤ የግራ ጫፉ ደግሞ የኢንደስ ሸለቆ ከተሞች የደመቁበት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2600 ገደማ ያለው ዘመን ነው። ከዚያ ልጆቹ ራሳቸው በማስመሪያ እየለኩ ወረቀት ይለጥፋሉ። ንጉሥ አሾካ ከቀኝ ጫፍ 2 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ባቡር የተባለው ንጉሥ በህንድ የሙጋልን ሥርወ መንግሥት የመሠረተበት 1526 በ50 ሳንቲ ሜትር ላይ ይውላል። እንግሊዞች የቤንጋልን ገዢ ፕላሲ ላይ ካሸነፉበት ከ1757 ጀምሮ እስከ ነፃነት ዓመት 1947 ያለው ጊዜ ሁሉ ተደምሮ 19 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ልጆቹ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይበልጠውን ይህን ክፍል ከቀሪው ሲባጎ ጋር ሲያስተያዩት ማንም ሳይነግራቸው አንድ ነገር ይገባቸዋል።

የዘመን አቆጣጠራችን ልዩነት እዚህ ላይ ጣጣ ያመጣል። የጥንቱን ዘመን በተመለከተ «ከዛሬ 2,300 ዓመት ገደማ በፊት» ማለቱ ይበቃል፤ የ7 እና የ8 ዓመቱ ልዩነት እዚያ ላይ ለውጥ አያመጣም። አያቶች ለሚያስታውሱት ለሃያኛው ክፍለ ዘመን ግን ሁለቱንም ጎን ለጎን መጻፍ ይሻላል፤ ለምሳሌ ህንድ ነፃ የወጣችበት ነሐሴ 15 ቀን 1947 በእኛ ነሐሴ 9 ቀን 1939 ዓ.ም. ነው። ልጁ ያንን ቀን ከቤተሰቡ ታሪክ ጋር ሊያገናኘው የሚችለው በሚያውቀው አቆጣጠር ሲያየው ነው።

ከሲባጎው ሥር የሚሰቀለው ካርታ የዛሬ ድንበር ያልተሠመረበት፣ ተራሮቹንና ወንዞቹን ብቻ የሚያሳይ የክፍለ አህጉሩ ካርታ ቢሆን ይመረጣል። የጥንቱ ታሪክ የህንድ ብቻ ሳይሆን የፓኪስታንና የባንግላዴሽም ታሪክ ነው፤ በጣም የታወቁት ሁለቱ ጥንታውያን ከተሞች ሞሄንጆ ዳሮና ሀራፓ ዛሬ የሚገኙት በፓኪስታን ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፦ ከጡብ መጀመር

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የጭቃ ሥራ ነው። ልጆቹ ከወፍራም ካርቶን ቁመቱ 3፣ ስፋቱ 6፣ ርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ይሠሩና ጭቃ እየሞሉ ጡብ ያወጣሉ። ጡቡ እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት ስለሚፈጅ ሥራው ዓርብ ቢጀመር በሚቀጥለው ሳምንት ለግንብ ይደርሳል። የመጠኑ ምርጫ የዘፈቀደ አይደለም፤ የኢንደስ ሸለቆ ግንበኞች ጡባቸውን የሚሠሩት ቁመቱ አንድ፣ ስፋቱ ሁለት፣ ርዝመቱ አራት እጅ እንዲሆን አድርገው ነበር፤ ይህም ልክ በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች በሚራራቁ ከተሞች ሳይቀር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። እዚህ ላይ የሚቀርበው ጥያቄ «ስልክ በሌለበት ዘመን ይህን ያህል የሚራራቁ ሰዎች በአንድ ልክ እንዴት ተስማሙ?» የሚል ነው። መልሱን ማንም በእርግጠኝነት አያውቀውም፤ ጽሑፋቸው እስካሁን አልተነበበምና። አዋቂዎች የማያውቁት ጥያቄ መኖሩን ለልጆች መንገር ደግሞ ከማንኛውም ማጣፈጫ በላይ ያነቃቃቸዋል።

ለትልልቆቹ ልጆች የሚዛኑ ጨዋታ አለ። የእነዚያ ከተሞች ነጋዴዎች ከድንጋይ የተጠረቡ ኩብ ሚዛኖች ነበሯቸው፤ ክብደታቸውም 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ በእጥፍ የሚያድግ ነበር። ልጆቹ እነዚህን አምስት ቁጥሮች በወረቀት ላይ ጽፈው ከ1 እስከ 31 ያለውን ማንኛውንም ክብደት ሳይደግሙ በመደመር ብቻ ለማውጣት ይሞክሩ። ሁሉም ይወጣል፤ የሂሳብ መምህሩም በዚህ ክፍለ ጊዜ ቢገኝ አይከፋውም።

ሀራፓን በተመለከተ ልጆችን የሚያስቆጣ ታሪክም አለ። በ1850ዎቹ የላሆርና የሙልታን የባቡር ሐዲድ ሲሠራ ተቋራጮቹ የጥንቱን ከተማ ጡብ እየዛቁ ከሐዲዱ ሥር አነጠፉት። ከተማይቱ በሥርዓት መቆፈር የጀመረችው በ1921 በዳያ ራም ሳህኒ መሪነት ነው። «እናንተ ብትሆኑ ጡቡን ታድኑ ነበር ወይስ ሐዲዱን ትሠሩ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ጥሩ ክርክር ይወጣዋል።

ሦስተኛ፦ የጠፋ ፊደልን ማንበብ

ከሁሉም እርምጃዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። በማዕከላዊ ህንድ በምትገኘው ሳንቺ የታላቁን የቡድሃ ሐውልት ሥፍራ በከበበው የድንጋይ አጥር ላይ በርካታ አጫጭር ጽሑፎች ተቀርጸው ነበር፤ ፊደሉን ግን የሚያነብ ሰው ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። በ1837 ጄምስ ፕሪንሴፕ የተባለ፣ በካልካታ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ ብዙዎቹ ጽሑፎች በተመሳሳይ ሁለት ፊደላት እንደሚያበቁ አስተዋለ። በአምልኮ ሥፍራ አጥር ላይ፣ በየድንጋዩ፣ አጭር ሆኖ፣ መጨረሻው አንድ ዓይነት የሆነ ጽሑፍ ምን ሊሆን ይችላል? የለጋሾች ስም መሆን አለበት፤ መጨረሻው ላይ ያለው ቃልም «ስጦታ» ማለት ይሆናል ብሎ ገመተ። ግምቱ ትክክል ነበር። በዚያ ቃል ያገኛቸውን ፊደላት ይዞ የቀሩትን አንድ በአንድ ፈታቸው።

ይህን ለልጆች ለማቅረብ መምህሩ በቅድሚያ 20 ያህል ምልክቶች ፈጥሮ እያንዳንዳቸውን ለአንድ የአማርኛ ፊደል ይመድባል፤ ለምሳሌ ክብ ለ«ተ»፣ መስቀል ለ«በ»፣ ሦስት ማዕዘን ለ«ረ»። ከዚያ ስምንት አጫጭር መስመሮች በእነዚያ ምልክቶች ይጻፋሉ፤ ሁሉም የሰው ስም ይዘው «የተበረከተ» በሚል ቃል ያልቃሉ። ልጆቹ የሚሰጣቸው ፍንጭ አንድ ብቻ ነው፦ ጽሑፎቹ የተገኙት በቤተ ክርስቲያን መጋረጃ፣ በግድግዳ ሰዓትና በወንበር ጀርባ ላይ ነው። ይህንን ዓይነት ጽሑፍ ያላየ ልጅ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አንዱ ብድግ ብሎ «ከእነ እገሌ የተበረከተ!» ይላል። «ተ» ሁለት ጊዜ መምጣቱ ግምቱን ያረጋግጥላቸዋል፤ የቀሩትን ስሞችም በዚሁ እየተረዱ ያወጧቸዋል። ስሞቹ ውስጥ የክፍሉ ልጆች ስም ቢገባ ሥራው ይሞቃል።

ፊደሉ ከተነበበ በኋላ ነው አሾካ የሚመጣው፤ ምክንያቱም ይህ ንጉሥ በየዓለቱና በየዓምዱ ያስቀረጸው አዋጅ ሊነበብ የቻለው በዚያ ቁልፍ ነው። ከአዋጆቹ ውስጥ ለትንንሾቹ የሚስማማው የወጥ ቤቱ ነው። ንጉሡ ቀድሞ በማድቤቱ በየቀኑ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እንስሳት ለወጥ ይታረዱ እንደነበር፣ አሁን ግን ሦስት ብቻ፣ ሁለት ጣዎስና አንድ አጋዘን እንደሚታረዱ፣ አጋዘኑም ሁልጊዜ እንዳልሆነ፣ ወደፊት ደግሞ እነዚህም እንደሚቀሩ ይናገራል። ልጆች በዚህ ይስቃሉ፤ ስለ ሁለቱ ጣዎሶችም ይጨነቃሉ። «አጋዘኑም ሁልጊዜ አይደለም» የምትለዋ ሐረግ 2,300 ዓመት ገደማ አልፎ የሰውየውን ድምፅ የምታሰማ ስለሆነች ጮክ ተብላ ትነበብ።

ከ11 ዓመት በላይ ላሉት የካሊንጋው አዋጅ ይጨመራል። አሾካ በምሥራቅ ህንድ የምትገኘውን ካሊንጋን በወረረበት ጦርነት 100,000 ሰዎች እንደተገደሉና 150,000 እንደተጋዙ፣ በዚህም እንደተጸጸተ ራሱ አስጽፏል። የሚያስገርመው ይህ አዋጅ በሌሎች አካባቢዎች ሲቀረጽ በካሊንጋ ምድር በሚገኙት በዳውሊና በጃውጋዳ ዓለቶች ላይ ግን አልተቀረጸም፤ በቦታው ሌሎች አዋጆች ተተክተዋል። «ተጸጽቻለሁ የሚል ንጉሥ ጸጸቱን ለተበደሉት ሰዎች ለምን ሳይነግራቸው ቀረ?» ተብለው ሲጠየቁ ልጆች ቢያንስ ሦስት የተለያየ መልስ ይሰጣሉ፤ ሦስቱም በመዝገብ ላይ ይጻፉ፤ ትክክለኛው ይህ ነው ተብሎ አይዘጋ።

አራተኛ፦ ዜሮና ሰንጠረዥ

ይህ አጭር ክፍለ ጊዜ ነው። በግዋልየር ከዓለት በተፈለፈለ ቤተ መቅደስ በ876 የተቀረጸ ጽሑፍ ለአበባ አትክልት የተሰጠ መሬት 270 በ187 ክንድ እንደሆነና በየቀኑ 50 የአበባ ጉንጉን እንዲቀርብ ይናገራል፤ 270 እና 50 የተጻፉት ዛሬ በምናውቀው ክብ ዜሮ ነው። ልጆቹ ክፍሉን በየራሳቸው ክንድ ይለኩና የእያንዳንዳቸው ውጤት ለምን እንደተለያየ ይነጋገሩ። ከዚያ በፊት በ628 ብራህማጉፕታ የተባለው ሊቅ ዜሮን እንደ ቁጥር ለመደመርና ለመቀነስ የሚያገለግል ደንብ ጽፎ ነበር፤ ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል ዜሮ ይሆናል ያለው ግን ዛሬ ተቀባይነት የለውም። ትልቅ ሊቅ ሲሳሳት ማየት በሂሳብ ለሚሳቀቅ ልጅ ደስ ይላል።

ቼዝ የሚወድ ልጅ ካለ ደግሞ ጨዋታው በህንድ እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ከሚባሉት አራት የጦር ክፍሎች እንደተነሣ፣ በፋርስና በዓረቦች በኩል እንደተሰራጨ፣ በቀድሞው ዘመን መኳንንቶቻችን የሚጫወቱት ሰንጠረዥም የዚሁ ዘር እንደሆነ ይነገረው።

አምስተኛ፦ ሥዕል አንብቦ ታሪክ መጻፍ

በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አንድ የሜዳ አህያ ሥዕል አለ። ሠዓሊው ማንሱር ይባላል፤ ዓመቱ 1621 ነው። የሥዕሉ ቅጂ ከኢንተርኔት ታትሞ ያለ ምንም ማብራሪያ ለልጆቹ ይሰጥ፤ ያዩትን ሁሉ ለአምስት ደቂቃ ይጻፉ። ልጓሙን፣ የተለካኩትን መስመሮችና በጠርዙ ያለውን የእጅ ጽሑፍ ያስተውላሉ። ጽሑፉ የንጉሠ ነገሥቱ የጃሃንጊር እጅ ሲሆን እንስሳው ከሐበሻ አገር እንደመጣ ይገልጻል።

አሁን ሁለት አጻጻፍ ይነጻጸሩ። የመጀመሪያው በተለመደው የመማሪያ መጽሐፍ መንገድ ነው፦ «ጃሃንጊር ከ1605 እስከ 1627 የገዛ አራተኛው የሙጋል ንጉሠ ነገሥት ሲሆን ለሥነ ሥዕልና ለእንስሳት ፍቅር የነበረው ገዢ ነበር።» ስሕተት የለበትም፤ ግን ልጅ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አያነብም። ሁለተኛው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «አንድ ቀን ከኢትዮጵያ የመጣ እንግዳ እንስሳ ህንድ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ከጆሮው ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ ጥቁርና ነጭ መስመር ነበረበት። አንዳንዶች ‹ይህ አህያ ቀለም ተቀብቶ ነው› ብለው ጠረጠሩ። ንጉሡ አስመረመረ። ቀለም አልነበረም። ንጉሡም በማስታወሻው ላይ ሠዓሊው ፈጣሪ ራሱ እንደሆነ ጻፈ።» ሁለተኛው የተጨመረበት ልብ ወለድ የለም፤ ጥርጣሬውም ምርመራውም በጃሃንጊር ማስታወሻ ውስጥ ያለ ነው።

ለልጆች የሚጻፍ ታሪክ የሚጥመው በዚህ መንገድ ነው፤ ንግግር ፈጥሮ በንጉሥ አፍ ማስገባት አያስፈልግም። ዓረፍተ ነገሩ ይጠር፤ በአንድ ገጽ ከአራት በላይ አዲስ ስም አይግባ፤ የቦታ ስም በመጣ ቁጥር በካርታው ላይ ይታይ። የአንድ ስም አጻጻፍም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን፤ በአንዱ ገጽ ዴልሂ፣ በሌላው ዴሊ ካለ ልጁ ሁለት ከተማ ይመስለዋል።

የሙጋሎቹ ማስታወሻዎች በዚህ ረገድ ሀብት ናቸው። የጃሃንጊር ቅድመ አያት ባቡር ህንድን ድል አድርጎ ሲያበቃ ጥሩ ፈረስ የለም፣ ወይን የለም፣ በረዶ የለም፣ በገበያው ጥሩ ዳቦ የለም እያለ ሲያማርር ይነበባል፤ ከካቡል ከሐብሐብ ወገን የሆነ ጣፋጭ ፍሬ ሲመጣለት እየቆረጠ ሲበላ እንዳለቀሰም ጽፏል። በስደት የሚኖሩ ወገኖች ልጆች ይህን ሰውዬ ወዲያው ያውቁታል፤ ቤታቸው በርበሬና ሽሮ ከአገር ቤት ሲደርስ የሚሆነውን አይተዋልና።

ከጃሃንጊር ወደ ማሊክ አምባር መሻገር ቀላል ነው። አምባር በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ፤ ገና በልጅነቱ በባርነት ተሸጠ፤ በሞካና በባግዳድ በኩል አልፎ ወደ ደቡብ ህንድ ደጋ፣ ወደ ዴካን ተወሰደ። ከጌታው ሞት በኋላ ነፃ ወጥቶ የራሱን ጦር አደራጀ፤ የአህመድናጋርን ሱልጣን በሞግዚትነት እያስተዳደረም በድንገተኛ ጥቃት የሙጋልን ሠራዊት ለዓመታት አስጨነቀ። በ1610 ከድኪ የተባለችውን ከተማ መሠረተ፤ ለከተማይቱም ውኃ በመሬት ውስጥ ቦይ አመጣላት። በ1626 እስኪሞት ድረስ ጃሃንጊር ሊይዘው አልቻለም። የሚያስቀው ጃሃንጊር ይህን ሽንፈት በሥዕል መካሱ ነው፤ ሠዓሊው አቡል ሐሰን ንጉሡን በምድር ሉል ላይ ቆሞ የተቆረጠ የአምባርን ራስ በቀስት ሲወጋ አድርጎ ሥሎታል። «ሥዕል ሊዋሽ ይችላልን?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ማስጠንቀቂያ ግን አለ። አምባር የእኛ ሰው ነውና ታሪኩን የድልና የኩራት ብቻ ማድረግ ይቀናናል። ለልጆች ሲነገር ሽያጩ አይዘለል፤ በጊዜው ሕፃናትን የሚይዙ፣ የሚሸጡና የሚገዙ ሰዎች በብዙ አገር እንደነበሩ፣ ከተሸጡት ውስጥም ስሙ የቀረው ጥቂቱ እንደሆነ በግልጽ ይነገር። የአሥር ዓመት ልጅ ይህን መሸከም ይችላል፤ የማይችለው መታለልን ነው።

ስድስተኛ፦ ተረቱን ከታሪኩ መለየት

ስለ ንጉሥ አክባርና ስለ ብልሁ አማካሪው ቢርባል የሚነገሩ ተረቶች ለልጆች እንደ ማር ናቸው፤ ይነበቡላቸው። ሆኖም ቢርባል በእርግጥ የኖረና በ1586 በጦርነት የሞተ ሰው ሲሆን፣ አብዛኞቹ ቀልዶች ግን ከእሱ በኋላ የተለጠፉበት ናቸው። ይህን ለማስረዳት የአለቃ ገብረ ሃናን ስም ማንሣት ብቻ ይበቃል፤ ልጆች በእውነተኛ ሰው ላይ ቀልድ ሲከመር ከአያቶቻቸው አፍ ሰምተዋል። ከዚያ አንድ ገጽ ጽሑፍ ተሰጥቷቸው መዝገብ ያለውን በሰማያዊ፣ ሰዎች የሚያወሩትን በብርቱካናማ፣ ያልታወቀውን በግራጫ እርሳስ ያስምሩበት። ይህ ልማድ ከህንድ ታሪክ አልፎ በስልክ የሚደርሳቸውን ወሬ ለማበጠርም ይረዳቸዋል።

ሰባተኛ፦ ጨውና ውኃ

የእንግሊዞችን አገዛዝ ለልጅ ለማስረዳት የፓርላማ ሕግ ከመዘርዘር አንድ ማንኪያ ጨው ይሻላል። በዚያ ዘመን ጨው መሥራትና መሸጥ በመንግሥት እጅ ነበር፤ ከባሕር ዳር በነፃ የሚገኘውን ጨው ማፈስ ወንጀል ነበር። መጋቢት 12 ቀን 1930፣ በእኛ መጋቢት 3 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ጋንዲ ከ78 ተከታዮቹ ጋር ከሳባርማቲ ተነሥቶ 385 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጓዘ፤ ከ24 ቀናት ጉዞ በኋላ ዳንዲ ደርሶ ከባሕሩ ዳር ጨው አነሣ። ልጆቹ በቀን 16 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ራሳቸው ያስሉ፤ ከመኖሪያ ሠፈራቸው ተነሥተው 385 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ የት እንደሚደርሱም በካርታ ላይ ያውጡ።

ከጋንዲ ጋር ሁልጊዜ አምቤድካር አብሮ ይነገር። በ1891 የተወለደው ቢምራው አምቤድካር በህንድ የዘር ተዋረድ ከሁሉ በታች ተደርገው «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገኖች ስለነበር በትምህርት ቤት ከቤቱ ባመጣው ጆንያ ላይ ለብቻው ይቀመጥ ነበር፤ ሲጠማው ቧንቧውን ራሱ መንካት ስለማይፈቀድለት ተላላኪው ካልከፈተለት ውኃ ሳይጠጣ ይውላል። ይህ ልጅ አድጎ በ1927 በማሃድ ከተማ ሰልፈኞችን መርቶ ከተከለከሉት የሕዝብ ኩሬ ውኃ ጠጣ፤ ከነፃነት በኋላም ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መራ፤ ጥር 26 ቀን 1950 የጸናው ያ ሕገ መንግሥት የ«አይነኬነትን» ልማድ ሻረ። ጋንዲ ብቻውን ከቀረበ ልጁ የህንድ ችግር ሁሉ ከውጭ የመጣ ይመስለዋል።

የእኛ አገር ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት ቦታዎች ስላሉ ለትልልቆቹ ይነገሩ። በ1868 ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት ጦሩ የተነሣው ከቦምቤይ ሲሆን ህንዳውያን ወታደሮችና 44 ዝሆኖች አብረውት ነበሩ። በ1941 ደግሞ 4ኛውና 5ኛው የህንድ ክፍለ ጦሮች ከረን ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ተፋልመዋል፤ በዚያው ዓመት ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ወጣት መኮንን ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ለአራት ቀናት እየቀደመ 15 የፈንጂ ቦታዎችን አስጠርጓል፤ የቪክቶሪያ መስቀል ኒሻንም ተሸልሟል። አገራቸው ገና በቅኝ ግዛት ሥር ሳለች በኢትዮጵያ ነፃነት ስም የተዋጉ ወታደሮች ምን ያስቡ ነበር? ጥሩ የድርሰት ርዕስ ነው።

ስምንተኛ፦ የመከፋፈሉን ታሪክ በጥንቃቄ ማንበብ

ከ10 ዓመት በታች ላሉት «አገሩ ህንድና ፓኪስታን ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ሄደ» ማለት ይበቃል። ለትልልቆቹ ያለ ድንበር የተሰቀለው ካርታ ይውረድና አንድ ልጅ በእርሳስ መስመር እንዲያሠምርበት ይጠየቅ፤ ሌሎቹ ወንዙን ወይም የባቡር ሐዲዱን የትኛው ወገን እንደሚወስድ ይከራከሩ። ከዚያ ሲሪል ራድክሊፍ የተባለው የሕግ ሰው ቀድሞ አይቷት በማያውቃት ህንድ ይህንኑ ሥራ በአምስት ሳምንታት እንዲጨርስ እንደታዘዘ፣ መስመሩም ለሕዝብ የተነገረው ነፃነቱ ከታወጀ ከሁለት ቀን በኋላ ነሐሴ 17 ቀን እንደሆነ ይነገራቸው። ነፃነታቸውን ያከበሩ ሰዎች የትኛው አገር ውስጥ እንዳሉ ገና አላወቁም ነበር ማለት ነው። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተፈናቅለዋል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ተገድለዋል፤ ሂንዱዎች፣ ሙስሊሞችና ሲኮች ገዳይም ተገዳይም ነበሩ። የጭካኔ ዝርዝርና ፎቶግራፍ አያስፈልግም፤ አንዱን ሃይማኖት ጥፋተኛ አድርጎ ማውጣትም ውሸት ነው። በክፍሉ ውስጥ ከመፈናቀል የመጣ ልጅ ካለ መምህሩ አስቀድሞ ለብቻው ያነጋግረው፤ የካርታው ጨዋታም ለእሱ ጨዋታ ላይሆን ይችላልና ካልፈለገ ይለፈው።

ዘጠነኛ፦ አያቶችን መጠየቅ

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ብዙ ህንዳውያን መምህራን ያስተምሩ ነበር። በስድሳዎቹና ከዚያ በላይ ዕድሜ ያሉ ብዙ ሰዎች ሂሳብ፣ ፊዚክስ ወይም እንግሊዝኛ ያስተማራቸውን ህንዳዊ መምህር አነጋገር እየቀዱ ያወራሉ። እያንዳንዱ ልጅ ከዘመዶቹ አንዱን ፈልጎ ይጠይቅ፦ መምህሩ ወይም መምህርቷ ምን ያስተምሩ ነበር፣ ከየትኛው የህንድ ክፍል እንደመጡ ተናግረው ያውቃሉ ወይ፣ ምን ይበሉ ነበር፣ ምን ሲሆን ይቆጡ ነበር? መልሱ በተጠያቂው አነጋገር እንዳለ ይጻፍ፤ የትምህርት ቤቱ ከተማና ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ይመዝገብ፤ የመምህሩ ስም ግን ወደ ግድግዳው በሚወጣው ቅጂ ላይ አይጻፍ። የተሰበሰበው በሲባጎው ላይ በቀኝ ጫፍ ባሉት የመጨረሻዎቹ 8 ሳንቲ ሜትሮች ውስጥ ይለጠፋል፤ ቦታው ስለሚጠብ ወረቀቶቹ ወደ ታች እየተቀጣጠሉ ይንጠልጠሉ።